ሜቭን ማን ይጠብቃት?

ሆባርት፣ ታዝማኒያ
ኦገስት 4 ቀን 1996

ስምዎን ለመጥራት ላልደፈርኩት ለተከበሩ ዘመዴ፣

ከዓለም ጫፍ የተነሳው ሰላምታዬ ከነሙቀቱ ይድረስዎት። እርስዎ፣ ጎረቤትዎ፣ ከብትዎ፣ ከሁሉም በላይ ፎቶው ላይ ከጎንዎ የቆመችው ውሻ ደህና ናችሁ ወይ? እኔ፣ እዚህ ክረምት ስለሆነ አፍንጫዬ ከመፍሰሱ በቀር፣ ደህና ነኝ።

ግሌኒስ ዶናሁ እባላለሁ። የትምህርት ቤት አውቶብስ ሹፌር ነኝ። የአያቴ አባት ኮርኔሊየስ ከእናንተው መንደር፣ ከባሊግላስ፣ በመርከብ የመጣ ሰው ነው። እኔ ደግሞ የትልልቅ ውሾች ወዳጆች ማኅበር አባል ስለሆንኩ በየሦስት ወሩ መጽሔት ይደርሰኛል። በዚህኛው እትም ገጽ አሥራ አራት ላይ የእርስዎን ፎቶ አየሁ። ከሥሩ «ባሊግላስ፣ ኬሪ» ይላል፤ የቤተሰብ ስምዎም በመጽሐፍ ቅዱሳችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ኮርኔሊየስ በእጁ የጻፈው ራሱ ነው። ጮኬ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ጣጣው የመጣው በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ነው። አርባ ሰው በተቀመጠበት «ዘመዴን ላስተዋውቃችሁ!» ብዬ መጽሔቱን ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ። «አቶ ታድህግ...» አልኩና ውሃ ጠጣሁ። «...ኦ ዶንችሃድሃ፣ ከውሻቸው ከሜአድህብህ ጋር።» ሴንት በርናርድ ውሻ የሚያሳድግ አንድ ሰውዬ «ስም ነው ወይስ አስነጠሰሽ?» አለኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

እባክዎ ይንገሩኝ፤ ማን ነው የሚባሉት? ውሻዋስ ማን ትባላለች? ባርናቢ የሚባል ኒውፋውንድላንድ ውሻ ነበረኝ፤ ጥቁር፣ ሰባ ኪሎ፣ ዝንብ የማይነካ። በፋሲካ ሰሞን ሞተብኝና ቤቱ ባዶ ሆኗል። ስለ እርስዎዋ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ ግሌኒስ


ባሊግላስ፣ ኬሪ
ኦገስት 29 ቀን 1996

ለዘመዴ ለግሌኒስ፣

ጣራሽ አያፍስ፣ ምድጃሽ አይብረድ፣ በመንገድሽ የሚገጥምሽ ሁሉ ቀና ይሁንልሽ። የኮርኔሊየስ ዘር ጠፍቶ አለመቅረቱን በማየቴ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ደህና ነኝ፣ ሜቭም ደህና ናት፣ ላሞቹም እንደ ልማዳቸው ናቸው።

እንግዲህ ስሜ ታይግ ነው። በቃ፣ ታይግ። መሀል ላይ ያሉትን ፊደሎች ተያቸው፤ ከጥንት ጀምሮ እዚያ ተቀምጠዋል፣ ማንም አይነካቸውም። የቤተሰቡ ስም ኦ ዶነኻ ነው፤ መጨረሻው ላይ ጉሮሮሽን ጠረግ አድርጊበት። ውሻዋ ደግሞ ሜቭ ናት። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሰባት መሆኑን አውቃለሁ። የንግሥት ስም ነው፤ ንግሥት ያለ አጃቢ አትወጣም።

ያንቺ ስም ግን መንደሩን አስጨንቋል። የፖስታ ቤቷ ጎብነት ፖስታውን ስታገላብጥ ቆይታ «ይሄ ሲነበብ ምን ይሆን?» ብላ ሁለት ቀን ያዘችው። የተጻፈው ፊደል ሁሉ ይነበባል ብላት «ሂድ ወዲያ! እንዲህ ያለ ስም የት አለ?» ብላ ሳቀችብኝ። እስካሁን አላመነችም።

ሜቭ ስድስት ዓመቷ ነው። ዘሯ ጥንት ተኩላ ይገድል የነበረ ነው፤ ማዕረጓ ዛሬም ተኩላ አዳኝ ነው። ይህችኛዋ ግን የጎብነትን ዝይ ስታይ ከኋላዬ ትሸሸጋለች። ከኋላዬ መሸሸግ እንደማትችል ማንም አልነገራት እንጂ፣ ቆማ አገጯን የምግብ ጠረጴዛ ላይ የምታሳርፍ ፍጡር ናት። ባለፈው እሑድ ቄሱ ምሳ ሊበሉ መጥተው ለጸሎት ዓይናቸውን ሲጨፍኑ የበጉን ጥብስ ከነአጥንቱ ወሰደችው። ቄሱ ዓይናቸውን ገልጠው ሳህኑን አዩ፤ እሷን አዩ፤ «አሜን» አሉና ድንች ጠየቁኝ።

ፎቶው ላይ ምርኩዝ አይተሽ ከሆነ ምንም አይደለም። ዳሌዬ ትንሽ ይይዘኛል። ዝናቡ ነው።

«እርስዎ» አትበይኝ ልልሽ አስቤ ነበር፤ ግን ሰባ ሦስት ዓመቴ ስለሆነ አልከለክልሽም።

ታይግ


ሆባርት፣ ታዝማኒያ
ሴፕቴምበር 20 ቀን 1996

ለአጎቴ ለታይግ፣

አዩልኝ? ታይግ አልኩ! የአያቴ አባትና የእርስዎ አያት ወንድማማቾች ናቸው፤ ለዚህ ዓይነት ዝምድና ስም ስላጣሁለት አጎቴ ብዬዎታለሁ። ምድጃዎ አያፍስ፣ ጣራዎ አይብረድ። ምርቃት አለመድኩምና ካዘበራረቅኩት ይቅር ይበሉኝ።

በዚህ ወር ስብሰባ ላይ ተነስቼ ደረቴን ነፍቼ «ሜቭ» አልኩ። ያ ሰውዬ መጽሔቱን አንስቶ «ታዲያ እነዚህ ሁሉ ፊደሎች የት ገቡ?» ብሎ ተከራከረኝ። «አጃቢ ናቸው» አልኩት። የቄሱን ነገር ስነግራቸው ደግሞ ግዙፎቹን የዴንማርክ ውሾች የሚያሳድጉት ባልና ሚስት በሳቅ አለቀሱ፤ የእነሱው ውሻ የሰርግ ኬካቸውን በልቶባቸዋል።

የዳሌዎ ነገር ግን ዝናብ ነው ያሉኝን አልቀበልም። ሠላሳ ዓመት አውቶብስ ነድቻለሁ፤ «ምንም አላመመኝም» ያለኝ ልጅ ሁሉ ሦስት መታጠፊያ ሳንሄድ አስመልሶብኛል። ሐኪም አይቶዎታል? እውነቱን ይንገሩኝ።

ግሌኒስ


ባሊግላስ፣ ኬሪ
ኖቬምበር 2 ቀን 1996

ለልጄ ለግሌኒስ፣

ጤናሽ የበዛ፣ ሐሳብሽ ያነሰ ይሁን። ዘግይቼብሻለሁ፤ ላሞቹ ነበሩ። ዋሸሁሽ፤ ላሞቹ አይደሉም፣ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው።

ሐኪምስ አይቶኛል። ዳሌው አልቋል፣ በብረት ይቀየራል ተብዬ ተራ ከያዝኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ባለፈው ወር ከኮርክ ሆስፒታል ተደወለ። ጆሮዬ ስልክ ላይ ደካማ ነው፤ ያን ቀን ግን ጥርት አድርጌ ሰማሁ። አንዲት ልጅ «አቶ ታይግ፣ ቦታ ተገኝቷል፤ ሰኞ መምጣት ይችላሉ?» አለችኝ። እኔም እንደ ሰው ወጉን ጠብቄ «ኧረ ተይ ልጄ፣ ከኔ የባሰበት አይጠፋም፣ ለእሱ ስጡት» አልኳት። «እሺ፣ እናመሰግናለን» ብላ ዘጋችው! ስልኩን ጨብጬ ቆሜ ቀረሁ። የደብሊን ልጅ መሆን አለባት። ያሳደጋት ሰው ምን እንዳስተማራት አላውቅም።

ደግሞስ ብሄድ ሜቭን ለማን ጥዬ ነው? ሆስፒታል ሁለት ሳምንት፣ ማገገሚያ ስድስት ሳምንት። ላሞቹን የጎብነት ባል ያይልኛል። ሜቭ ግን አምና ለእህቴ ልጅ ሰርግ ሁለት ቀን ብሄድ የእንስሳት ሐኪሟ ጋ ተቀምጣ እህል አልቀመሰችም። ጎብነት እኔ እይዛታለሁ ብላ ነበር፤ ሜቭ ከፍቅር ብዛት ተደገፈቻትና የእጇ አንጓ ተሰበረ።

የሷ ዘር ስምንት ዓመት ከሞላው ተመስገን ነው። ሁለት ወር ለኔ ምንም አይደለም፤ ለሷ ግን ዕድሜ ነው። እርጅናውም እየገባት ነው፤ ሳያት ሆዴ ይባባል። ሳልኖር ብትሞትብኝ በብረት ዳሌ ወዴት ልሄድበት ነው? እሷን ትቼ አልሄድም፣ አለቀ።

ታይግ


ሆባርት፣ ታዝማኒያ
ኖቬምበር 20 ቀን 1996

ለአጎቴ ለታይግ፣

ሰላምና ጤና ይብዛልዎት። ዛሬ ምርቃቱን አሳጥራለሁ፤ ጉዳይ አለኝ።

በዲሴምበር አጋማሽ ጡረታ እወጣለሁ። ባሌን ከቀበርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ልጅ የለኝ፣ አሁን ውሻም የለኝ። ሰባ ኪሎ ውሻ አሳድጌአለሁ። ሲደገፉ እንዴት እንደሚቆም አውቃለሁ፤ አንድ እግር ወደ ኋላ፣ ጉልበት ሸብረክ ነው። ልምጣና ሜቭን ልጠብቃት። እኔ እርስዎ ቤት ልተኛ፣ እርስዎ ዳሌዎን ያስቀይሩ። ባርናቢ ሲሞት እጁ እጄ ላይ ነበር፤ የሚሉትን ፍርሃት አውቀዋለሁ፤ ለዚህ ነው የምመጣው።

አዎ ወይም አይ ይበሉኝ፤ ቲኬት የምቆርጠው እሱን አይቼ ነው።

ግሌኒስ


ባሊግላስ፣ ኬሪ
ዲሴምበር 5 ቀን 1996

ለልጄ ለግሌኒስ፣

ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ፣ ክፉ አይይሽ።

ኧረ በፍጹም! አይሆንም፣ አይደረግም። ምን በወጣሽ! ከዓለም ጫፍ ድረስ ለኔ ስትይ? እዚህ መጥተሽስ ምን ታያለሽ? ዝናብ ነው። ከኋላ ያለው ክፍል ሰው ከተኛበት ዘመን የለውም፤ ባለፈው ሳምንት ቢጫ ቀለም ከመቀባቴ በቀር እንደ ድሮው ነው። ፍራሹን ምድጃው ፊት አድርቄዋለሁ፤ እንዲሁ ለራሴ ብዬ ነው። ጎብነት የአልጋ ልብስ ሰጥታኛለች፣ አበባ አበባ ያለበት። እኔ አበባ አልወድም። ለእግር ማሞቂያም የሙቅ ውሃ ከረጢት ገዝቻለሁ፤ ሁለት።

ብቻ አንቺ አትድከሚ። መንገዱም አያመችም። ከሻነን አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳው አውቶብስ እዚህ የሚደርሰው በቀን አንድ ጊዜ ነው፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፤ የሚያወርደውም ከጎብነት ፖስታ ቤት ፊት ለፊት ነው። ይህን የምነግርሽ ነገሩ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ እንድታውቂው ነው።

ሜቭ ጠዋት የአጃ ገንፎ ትበላለች፤ ለብ ያለ፣ ቅቤ የሌለበት። ይኼንንም የምነግርሽ እንዲሁ ለወሬ ያህል ነው።

ታይግ


ሆባርት፣ ታዝማኒያ
ዲሴምበር 22 ቀን 1996

ለአጎቴ ለታይግ፣

መልካም የገና በዓል ይሁንልዎት፤ ለሜቭም።

ግልጽ መልስዎን አመሰግናለሁ። እዚህ እኛ ጋ አይ ያለን ሰው ደጋግሞ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሰውን ማስጨነቅ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ስለዚህ ጉዳይ ከአፌ አይወጣም፤ ይረጋጉ። ክፍሉ ቢጫ መሆኑ ደስ ይላል፤ ሲተኙበት ይጽፉልኛል።

ጡረታ ወጣሁ። ልጆቹ አውቶብሱን በፊኛ ሞሉልኝና መስታወት ማየት አቃተኝ። ከጓደኛዬ ጋር ከጃንዋሪ መጨረሻ ጀምሮ ባሕር ተሻግረን በተጎታች ቤት ዋናውን አገር ልንዞር ነው፤ አራት ወር ይፈጃል። እስከዚያ አንድ ደብዳቤ ቢጽፉልኝ ይደርሰኛል።

ግሌኒስ


ባሊግላስ፣ ኬሪ
ጃንዋሪ 9 ቀን 1997

ለግሌኒስ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መልካም ጉዞ። እዚህ ዝናብ ነው። ሜቭ ደህና ናት። ለተጎታች ቤቱ ጎማውን አስመርምሩ።

ታይግ

(በዚሁ ፖስታ ውስጥ የተገኘ፣ በቴሌግራም ወረቀት ጀርባ የተጻፈ)

ለወይዘሮ ግሌኒስ፣ ስምሽን ልክ ጽፌው ከሆነ፣

ጎብነት ነኝ፤ ፖስታ ቤቷ። ስሜ እንዴት እንደሚጻፍ አትጠይቂኝ። ደብዳቤውን አልከፈትኩትም፤ ሙጫው ደካማ ስለነበረ ራሱ ተከፈተ።

አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? ሰውየው እኮ እስክትጠይቂው ነው የሚጠብቀው! እዚህ አገር ሰው ሻይ ላምጣልህ ሲባል መጀመሪያ «አይ፣ አይ፣ ምንም አልፈልግም» ይላል። ሁለተኛ ሲጠየቅ «ኧረ አትቸገሪ» ይላል። ሦስተኛው ላይ «እንግዲህ ካፈላሽው አይቀር» ይልና ሁለት ስኒ ይጠጣል። የመጀመሪያውን «አይ» ሰምቶ ማንቆርቆሪያውን የሚያነሳ ሰው ቤት ማንም ተመልሶ አይሄድም። አንቺ አንዴ ጠይቀሽ ጭራሽ ተጎታች ቤት ልገባ ነው ትይዋለሽ! ደብዳቤሽን አንብቦ ሲጨርስ ፊቱን አይቼዋለሁ፤ አንጀቴን ነው የበላው።

አልጋውን በየቀኑ ያነጥፈዋል፤ ማንም አልተኛበትም። አሥር ሰዓት ላይ አውቶብሱ ሲደርስ ሜቭን ይዞ እያነከሰ እኔ ጋ ይመጣል። ቴምብር ልገዛ ነው ይላል። እስካሁን ስልሳ ሁለት ቴምብር ገዝቷል፤ የሚጽፍለት ሰው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ።

ዋናው ነገር ይኸውልሽ። ከሆስፒታሉ ሌላ ወረቀት መጥቷል። ማርች 4 ቀን ይዘውለታል፤ እስከ ፌብሩዋሪ 14 እሺ ካላለ ስሙ ይሰረዛል። ወረቀቱን ግድግዳ ሰዓቱ ጀርባ ሸጉጦታል። ሐኪሙ ደግሞ በዚህ አያያዝ በጋ ሳይደርስ መራመድ ታቆማለህ ብሎታል። ሁለት ጊዜ መጠየቅ ይቀርሻል፤ ፍጠኚ።

ይህን ወረቀት አቃጥዪው።


ሆባርት፣ ታዝማኒያ
ጃንዋሪ 20 ቀን 1997

(በአንድ ቀን የተላኩ ሦስት ፖስታዎች)

አንደኛ ፖስታ

ለአጎቴ ለታይግ፣ በቅደም ተከተል ይክፈቱ። ጤናዎ ይብዛ። የኖቬምበሩን ጥያቄዬን እንዳልተጠየቀ ይቁጠሩትና፣ መጥቼ ሜቭን ልጠብቃት?

ሁለተኛ ፖስታ

ለአጎቴ ለታይግ፣ ምን እንዳሉ ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል። አልሰማዎትም። ችግር ነው ካሉኝ ችግሩን ወድጄዋለሁ፤ ሩቅ ነው ካሉኝ ሠላሳ ዓመት ስነዳ ኖሬያለሁ። መጥቼ ሜቭን ልጠብቃት?

ሦስተኛ ፖስታ

ለአጎቴ ለታይግ፣ በሞቴ! ይኼ ሦስተኛዬ ነው። ጓደኛዬን ተጎታች ቤቱን ለብቻሽ ንጂው ብያት ተኳርፈናል። ቲኬቱን ቆርጫለሁ፤ ፌብሩዋሪ 26 ቀን በአሥር ሰዓቱ አውቶብስ እወርዳለሁ። ሰዓቱ ጀርባ ያለውን ወረቀት አውጥተው ዛሬውኑ እሺ ብለው ይጻፉ። መጥቼ ሜቭን ልጠብቃት?


ባሊግላስ፣ ኬሪ
ጃንዋሪ 30 ቀን 1997

ለልጄ ለግሌኒስ፣

የወለደሽ ማኅፀን ይባረክ፣ የኮርኔሊየስ አጥንት በሰላም ይረፍ፣ የሚያመጣሽ አውሮፕላን ክንፉ አይዛል።

ለአንደኛው ፖስታ፦ ኧረ በጭራሽ አይሆንም።

ለሁለተኛው፦ ተይ እንጂ፣ አትቸገሪ።

ለሦስተኛው፦ እንግዲህ ቲኬቱን ከቆረጥሽው አይቀር፣ ነይ።

ለሆስፒታሉ እሺ ብዬ ጻፍኩ። ጎብነት ከጎኔ ቆማ ቃል በቃል እያየችኝ ነው የጻፍኩት፤ ከዚያም ፖስታውን ከእጄ ነጥቃ ራሷ አተመችው። ወረቀቱ ሰዓቱ ጀርባ መሆኑን ማን እንደነገረሽ ብጠይቃት በእናቷ ምላ እኔ አላውቅም አለችኝ። እናቷን አውቃታለሁ፤ እሷም እንዲሁ ነበረች።

ስለ ሜቭ አደራ የምልሽ አንድ ነገር ነው፤ እንዳታስሮጫት። ከበሩ ተነስተሽ እስከ ትልቁ ድንጋይ፣ ቀስ ብለሽ፤ መሀል ላይ ሁለት ጊዜ ቆም በይላት። ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ራሷ ትቆማለች፤ ከዚያ ተመለሱ። ወደ ባሕር ዳርቻው ከወረደች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። በአንድ ወቅት ጥንቸል ታባርር ነበር። አሁን አሮጊት ናት፤ እንዳትገፊያት።

ታይግ


ባሊግላስ፣ ኬሪ
ማርች 9 ቀን 1997

በኮርክ ሆስፒታል ተኝተው ለሚገኙት ለአጎቴ ለታይግ፣

አዲሱ አጥንትዎ ይመችዎት፣ ስፌትዎ ይጠግግ፣ የሆስፒታሉ ሾርባ ጨው አይጣ። ምርቃት ለመድኩ አይደል?

ስልክ ላይ ነርሷ ደህና ወጥቷል ስትለኝ ሜቭን አንገቷን አቅፌ አለቀስኩ። እሷም ተደገፈችኝ፤ አንድ እግሬን ወደ ኋላ አድርጌ ስለነበር አልወደቅኩም። ገንፎዋን ትበላለች። እርስዎ በሄዱ በመጀመሪያው ቀን ብቻ አልበላችም፤ በሁለተኛው ቀን ኮትዎን ሳህኑ አጠገብ አነጠፍኩላትና በላች። የጎብነት ዝይ ግን ሁለታችንንም አባራናለች፤ እኔም ከሜቭ ኋላ ነው የተሸሸግኩት።

አሁን የምነግርዎን ሲሰሙ አይቆጡ። ትእዛዝዎን አክብሬ አራት ቀን ሙሉ እስከ ድንጋዩ ድረስ ቀስ እያልን ሄድን፤ ሁለት ጊዜ ቆምን። በየቆምንበት ቀና ብላ ታየኛለች። ትናንት ዝናብ ሊመጣ ስለነበር ረሳሁትና በራሴ እርምጃ ሄድኩ፤ እኔ ደግሞ ስሄድ ሰዓት እንደረፈደበት ሹፌር ነኝ። እሷም እርምጃዋን ጨመረች። ድንጋዩን አለፍነው፤ አልቆመችም። ባሕሩ ጋ ስንደርስ ማሰሪያዋን ፈታሁላት።

ታይግ፣ ሮጠች። እስከ አሸዋው መጨረሻ ድረስ፣ ነጥብ እስክትሆን ሮጠች፤ ተመልሳ መጣች፤ ዞራኝ እንደገና ሮጠች። የባሕር ወፎቹን ሁሉ አስነሳቻቸው። ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተኝተው፣ አፏ ተከፍቶ። እኔ «ገደልኳት!» እያልኩ ከኋላዋ እየጮህኩ ነበር።

ወዲያው የእንስሳት ሐኪሟን ኒቭን ጠራኋት። (ሰሌዳዋ ላይ ኒአምህ ይላል፤ እኔ ግን ሳላዛንፍ ነው የጠራኋት።) ልቧን አዳመጠች፣ እግሮቿን አንድ በአንድ አጠፈች ዘረጋች። «ምንም የላትም፤ ለዘሯ ገና ጠንካራ ናት» አለችኝ። ታዲያ ለምንድነው ሁለት ዓመት ቀስ ስትል የኖረችው ብላት «ከማን ጋር ነበር የምትሄደው?» አለችኝ።

በእርስዎ ልክ ነው የምትሄደው፣ አጎቴ። እርስዎን ትጠብቅ ነበር።

ግሌኒስ


ኮርክ
ማርች 11 ቀን 1997

ለልጄ ለግሌኒስ፣

የረገጥሽው ይለምልም፣ የነካሽው ይባረክ። ሌላ ምርቃት ነበረኝ፤ ዛሬ ከዚህ በላይ አልወጣ አለኝ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያም ነርሷን መነጽሬን አጽጂልኝ ብዬ አራተኛ አነበብኩት። ግሌኒስ፣ እኔ እኮ ለእሷ ብዬ ነበር ቀስ የምለው! ዳሌዬ ገና እንዲህ ሳይብስብኝ፣ እሷ ስትዘገይ አይቼ «ምስኪን፣ ደከማት» እያልኩ እርምጃዬን ቀነስኩላት። እሷ ደግሞ የኔን አይታ ቀነሰች። እኔ ድንጋዩ ጋ የምቆመው እሷ እንድታርፍ ነበር። እሷስ? ይኸው እንዲህ ስንተዛዘን ሁለት ዓመት ሙሉ ባሕሩን ሳናይ ቀረን። በዓለም ላይ እንደኛ ያለ ጅል ጥንድ ያለ አይመስለኝም።

አለቀስኩ፤ አልደብቅሽም። አጠገቤ የተኛው የሊመሪክ ሰውዬ «ዳሌህ ነው?» አለኝ። አዎ፣ ዳሌዬ ነው አልኩት። የህመም ክኒኑን አካፍሎኝ ዞሮ ተኛ፤ ደግ ሰው ነው።

አስሩጫት። በየቀኑ አስሩጫት፤ እኔን አትጠብቂ። አሸዋው ላይ ከበስተግራ ጥንቸል አለ።

ዛሬ ጠዋት ነርሷ ኪሊን መጣች። (ደረቷ ላይ የተጻፈው አሥራ አንድ ፊደል ነው፤ አልሞክረውም።) እዚህ ሰው በሦስተኛው ቀን ከአልጋ ይወርዳል፤ እኔ እስካሁን «ሌሎቹን አስቀድሚ፣ እኔ እቆያለሁ» እያልኳት ነበር። ዛሬ መራመጃውን ይዛ አልጋዬ አጠገብ ቆመችና «እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ እንሞክር?» አለችኝ።

አንዴ ብቻ ነው የጠየቀችኝ። እሺ አልኳት።

ታይግ